ሙሽራው አልበላም አለ

ኪሾር የሚሉት ጉድ ልቤን የሰረቀው መንደራችን ፔናል በጎርፍ የተጥለቀለቀች ዕለት ነው። መንገዱ ባሕር ሆኖ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ በስብሼ ቆሜ ሳለ በትራክተር መጣ።

«ነይ ተሳፈሪ፤ ዋና እስክትማሪ አልጠብቅሽም።»

«ለመሆኑ መንዳት ትችላለህ?»

«አልችልም። አንቺ ጸልዪ፣ እኔ እነዳለሁ።»

ሳቅሁ። በዚያው ተያዝኩ። ዓመት ሳይሞላን ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ታራ፣ በለበስሽው ልብስ ብቻ ነው የምወስድሽ። ከአባትሽ ቤት ማንኪያ አልፈልግም» አለኝ። አመንኩት፣ ሞኝ!

አባቱ ራምከሰን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሱቅ ስላለው ሰማይ የደረሰ የሚመስለው፣ ሰውን በጫማው የሚለካ ሰውዬ። አባቴን፣ «ያ ዱባ ሻጭ» ነበር የሚለው።

ሰርጉ እኛ ግቢ ሆነ። እሳቱን ዞርን፣ ኪሾር ፀጉሬ መሃል የሚስትነቱን ቀይ ቀለም ቀባኝ። ከዚያ እኔን ቤት አስገብተው፣ እሱን እንደ ወጉ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ኪችሪውን፣ ሩዝና ክኩን፣ አቀረቡለት። ሙሽራ እዚህ ላይ ይኮራል፤ የሙሽሪት ዘመዶች ስጦታ እያስቀመጡ ይለማመጡታል፤ ትንሽ ተግደርድሮ ይጎርሳል፤ ይሳቃል፤ አለቀ። ጨዋታ ነው።

አጎቴ የእጅ ሰዓት አስቀመጠ። አልበላም። አክስቴ የገዛ ቀለበቷን አወለቀች። አልበላም።

ራምከሰን ከኋላው ቆሞ፣ «የፒካፑ ቁልፍ ሳይመጣ አፍህን እንዳትከፍት!» ይለዋል። ድምፁን እንኳ ዝቅ አያደርግም። አይ ጨዋነት!

ፒካፑ አባቴ አትክልቱን ገበያ የሚያወጣበት ነው። እሱን ከሰጠ ምን ሊበላ? በትከሻው ሊሸከም?

ከበሮ መቺዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። አባዬ ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት በመስኮት አየሁት። በዚህ ሰዓት ሙሽሪት ከቤት አትወጣም። እኔ ወጣሁ።

ኪሾር ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ።

«ብላ» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ዞሮ አባቱን አየ።

«ታራዬ፣ አባቴ እኮ...»

«እንግዲያው አባትህን አግባ!»

ሳህኑን ሳብኩና በእጄ እየጎረስኩ መብላት ጀመርኩ። ዝንብ ሲያንዣብብበት የቆየ ቀዝቃዛ ሩዝ። ዋጥኩት።

«ምን ዓይነት ባለጌ ናት!» አለ ራምከሰን።

«ጨርሻለሁ። ልጅዎን ይውሰዱ» አልኩት። «አባዬ፣ ቁልፉን ኪስህ መልሰው።»

ሄዱ። ኪሾርም ተነሥቶ ተከተላቸው።

በማግስቱ ብቻውን፣ በእግሩ መጣ። ዓይኑ አብጧል። አጥራችንን ይዞ ቆመ። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ። ግን ንቄዋለሁ፤ የናቁትን ሰው ደግሞ አቅፎ መተኛት አይቻልም።

«ታራ፣ ከዚያ ኪችሪ ድስቱ ውስጥ የተረፈ አለ? ልብላ። ምንም አልፈልግም።»

«ለውሻው ሰጠሁት» አልኩት። «እሱ የማንንም ፊት ሳያይ በላ።»