ለኤርካሎ ጀልባ የሠራሁት ሳንቃ

«ያ የአባያ ልጅ ጎሳው የእናንተው ነው።»

ጎረቤታችን ብርቄ ይህን ሳትለኝ የምታልፍበት ቀን አልነበረም። እኔ ደግሞ ለወሬ ጆሮ የምሰጥ ሴት አይደለሁም። ብታወራ ታውራ አልኩ።

የአባያው ልጅ ኤርካሎ፣ ሶዶ ከተማ ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቴ የመጣው ለሁለት የተሰበረ ሳንቃ ተሸክሞ ነው። ዱቦ ካቶሊክ ሚሲዮን የነበሩ ፈረንጅ አባ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባለ ሸራ ጀልባቸውን ሰጥተውት፣ ከሁምቦ በታች አባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያመላልስበታል። ሳንቃው ከጀልባው መሃል ባለ ስንጥቅ ወደ ውሃ የሚወርድ ነው፤ እሱ ከሌለ ነፋስ ጀልባውን ወደ ጎን ይወስደዋል። ድንጋይ ሰብሮበታል።

ዓይኑ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«አናጢው የለም?»

«ፊትህ የቆመችው ምንድን ናት?»

አፈረ። ሲያፍር ያምር ነበር...

ሙያውን እያየሁና እያበላሸሁ ለብቻዬ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ምክር አይዋጥልኝም። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣልና አሳሺው ቢለኝ፣ ከስንጥቁ ጋር ልክክ አድርጌ ሠራሁት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ሳንቃው አብጦ ተጣብቋል፤ ወደ ላይ ስለማይሳብ መሬት እየነካ ጀልባው ዳር መድረስ አቅቶታል።

«ልክ እንዳንቺ ነው» አለኝ። «አንዴ ከገባ አይወጣም።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሁለተኛውን ከደረቅ ዋንዛ ቆርጬ፣ በመላጊያ አሳስቼ፣ ዘይት እያጠጣሁ ስሠራ አጠገቤ እየተቀመጠ ዋለ። ሽማግሌ እልካለሁ ያለኝም ያኔ ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ጎሳ ማለት ወንድምና እህት ነው፤ አይጋቡም። ሐይቁ ዳር ወርደን አዲሱን ሳንቃ በቡሎን ካሰርን በኋላ ጎሳውን ጠየቅኩት። የጠራው የአባቴን፣ የጩማን ጎሳ ነበር። ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ቆይ፣ ቤቴል። ሽማግሌዎች ይጠይቁ። እናትሽንም እናናግር።»

«የአባቴን ጎሳ ከኔ በላይ ማን ሊነግረኝ? ማንንም አልለምንም። ሂድ... ወንድሜ።»

ያቺ ቃል እንደ ጥፊ አረፈችበት። ሸራውን ዘርግቶ ሄደ። ሳንቃዬ አልተጣበቀም፤ ጀልባው ቀጥ ብሎ ሲርቅ ቆሜ አየሁት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በዓመቱ ኤርካሎ ቢጠና ከተማ ላይ ሌላ ሴት በቤተ ክርስቲያን አገባ። አሁን ሴት ልጅ አለችው። እኔ የሰው ሙሽሮች አልጋ እሠራለሁ፤ ጥሩ አልጋ ነው።

ዘንድሮ አባቴ አረፈ። ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እሱ በሕይወት እያለ ላልናገር ምዬለት ነበር» አለችኝ። «ጩማ ሲያገባኝ አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። የወለደሽ ሌላ ሰው ነው... ጎሳውም ሌላ ነው።»