ከግድግዳው አንድ ሜትር

መምህር መርስዔ ኀዘን የሞቱት ብራናቸውን ጭናቸው ላይ እንደዘረጉ ነው። ዝናቡን ሸሽተው በር ዘግተው፣ የሐይቁ እርጥበት ያራሰባቸውን መጻሕፍት በምድጃ ሙቀት ሲያደርቁ ጢስ አፈናቸው። የምድጃው ጢስ ማውጫ ከመጋጠሚያው ተላቆ፣ የጭቃው ግድግዳም ከውስጥ እንጨቱ ከስሎ ተገኘ። ይህ የሆነው ትናንት ነው። ምድጃውን የተከለው በያጅ ኪሩቤልም ትናንትናውኑ ታሰረ፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ ያልገባት ነገር ካለ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ጠዋት ከጣቢያው ስትወጣ የኪሩቤል ሚስት ወንጌላዊት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ዓይኗን ተከለችባት። ያ አስተያየት መምህር እስከሚኖሩበት ሰፈር እስከ ሽምብጥ ድረስ ተከተላት። ኪሩቤል እንደሆነ ከአንድ ቃል ፍንክች አላለም፦ «ከግድግዳው አንድ ሜትር አርቄ ነው የተከልሁት። ሜትሩን የያዙልኝ ራሳቸው መምህር ናቸው።»

ችግሩ ምስክሮቹ ናቸው። መምህር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ከሦስት ቀን በፊት ግን የማርያም ማኅበር እሳቸው ቤት ተጠጥቷል። የተጠየቀው ማኅበርተኛ ሁሉ «ስንገባ ምድጃው ከግድግዳው ተጣብቆ ነበር» አለ። እንግዲህ ኪሩቤልን ማን ይመነው?

ባንቺአየሁ ምድጃውን ዞረችው። ጊዛ ከሚሉት ቀልጦ ከሚፈስ ብረት የተሠራ፣ ጣሊያን ጊዜ የመጣ የሚመስል፣ ሁለት ጎረምሳ የሚፈትን ከባድ ብረት ነው፤ እግሮቹ ከሦስት ጣት አይበልጡም፤ መሬት ላይ ተኝታ ብታይም ጽሑፍ አላገኘችበትም። ከዚያ ቀና አለች። ጢስ ማውጫው የሚወጣበት የጣሪያ ቀዳዳ ከምድጃው አናት ላይ የለም። ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው ለካች፤ ልክ አንድ ሜትር። ከቀዳዳው ሥር የፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ የምድጃ እግር ያሰረጎዳቸው አራት ጉድጓዶች አሉ። የተላቀቀውን መጋጠሚያ አነሣችው፤ ሁለት ጫፉ የተቆረጠ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በሽቦ የታሰረ። በያጅ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ስሙን አያሰድብም።

በማኅበሩ ቀን ቀድመው የደረሱትን ሦስቱን አስጠርታ አንድ በአንድ አነጋገረች። ወይዘሮ ሸጊቱ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። ዲያቆን ይትባረክ አግዳሚዎቹን ከቤተ ክርስቲያን ተሸክሞ በር ላይ አውርዶ ለቅዳሴ ተመልሷል። ጎረቤቱ አቶ አምሐ የኮሌጅ መምህር ናቸው፤ ከሸጊቱ ጋር እንደገቡ፣ ምድጃውንም በእጃቸው እንዳልነኩ ተናገሩ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጨመረችላቸው፦ ይህ ምድጃ የየት ሥራ ነው? ሸጊቱ ብረት መሆኑን እንጂ ሌላ አላውቅም አሉ። ይትባረክ ከጎንደር መምጣቱን ሰምቷል። አምሐ ግን ፈገግ ብለው የጣሊያን አገር የቶሪኖ ከተማ ሥራ እንደሆነ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1934 እንደተሠራ፣ ጽሑፉንም በዓይናቸው እንዳነበቡ አስረዷት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም እዚያው ምድጃው ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አግዳሚዎቹን በማኅበሩ ቀን እንደነበሩ አድርጉልኝ» አለች። ይትባረክ ደረደራቸው። አንደኛው አግዳሚ በአራቱ ጉድጓዶች ላይ አረፈ።

«ምድጃው የተተከለው እዚህ ነው፤ ቀዳዳውም እግሩም ይመሰክራል። ኪሩቤል አልዋሸም። እናንተም አልዋሻችሁም፤ ስትገቡ ተጠግቷል። ስለዚህ ከእናንተ በፊት ገብቶ ለአግዳሚው ቦታ የለቀቀ ሰው አለ። ማውጫው ሲያጥርበት ቆርቆሮ ቀጠለበት።» ወደ ይትባረክ ዞረች። «አጋድመው።»

ይትባረክና አንድ ፖሊስ ምድጃውን አጋደሙት። ከሆዱ ሥር፣ መሬት መሬት የሚያይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ቶሪኖ፣ 1934።

«እኔ መሬት ላይ ተኝቼ እንኳ አላየሁትም» አለች። «አቶ አምሐ፣ እርስዎ ሳይነኩት እንዴት አነበቡት?»

አምሐ ጽሑፉን እያዩ ተናገሩ። «ይትባረክ በር ላይ ያወረደው አግዳሚ አልገባ አለ፤ ሰው ሊመጣ ነው። እያጋደልኩ አንድ በአንድ እግሩን አስኬድኩት፤ ከዚያ ወጥቼ ከወይዘሮ ሸጊቱ ጋር እንደ አዲስ ገባሁ። መምህር ‹እሳት ሳላነድ መልስልኝ› አሉኝ። ነገ አልኳቸው። በማግስቱ ፈተና ሳርም ረሳሁት። ዝናቡ ሲበረታ መጻሕፍቱ አሳዘኗቸው መሰለኝ፣ እኔን ጠብቀው ጠብቀው አነደዱት።»

«ምድጃውን ረሱት እንበል። ኪሩቤል መታሰሩንስ?»

ባንቺአየሁ ወደ ጣቢያው ደወለች። «መዝገቡን ይዤ ፍርድ ቤት እደርሳለሁ። በር ላይ ጨቅላ የታቀፈች ሴት አለች፤ ባሏ ዛሬ ቤቱ እንደሚያድር ንገሯት።» ጠዋት ከወጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

ሸጊቱ ግን ብድግ አሉ። የተቀመጡበትን አግዳሚ፣ ከሥሩም አራቱን ጉድጓዶች አዩና እንባቸው መጣ።

«እኛስ ቆመን ብንጠጣ ምን ነበረበት?» አሉ።