ባንኮ ጎቲቲ ላይ የቀረችው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጫካ ውስጥ መንፈስ ታየ ሲሉኝ “ኧረ ወዲያ!” ነው የምለው፣ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ ዲላ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ለምነግራችሁ ነገር የፈለጋችሁትን ስም ስጡት፣ ብቻ ውሸታም አትበሉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንጀቴ ነው፣ አትሳቁ። የአንጀት ቁስለት አለብኝ፣ ሐኪሙ “አብረሽው ትኖሪያለሽ” ያለኝ፣ ሲነሳብኝ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው፣ መጸዳጃ ቤት ቅርብ ካልሆነ አለቀልኝ። ከሕመሙ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፊት ቢያመልጠኝስ እያልኩ፣ ገደብ ከተማ ያለችውን እናቴን ሳላያት ክረምትም በጋም አለፈ፣ እሷ ታማ ተኝታ “ልጄ ናቀችኝ” ማለት ጀመረች፣ እኔ ደግሞ አፍሬ እውነቱን አልነገርኳትም፣ ወይ እኔ!

በኋላ ሐኪሙ እንደኔ አንጀታቸውን ለሚታመሙ ሰዎች በስልክ የምክር ድጋፍ ከምትሰጥ ነርስ ጋር አገናኘኝ፣ ሲስተር ሰላም እንላታለን፣ በአካል አይቻት አላውቅም፣ በቴሌግራም ድምጿን ትልክልናለች፣ “ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ፍርሃቱ ይምጣ፣ ይሄዳል” ትላለች፣ እመኑኝ ከመድኃኒቱ እኩል ረድቶኛል። አንድ ቅዳሜ ቆረጥኩ፣ ኔትዎርክ እንዳይከዳኝ ድምጿን ዳውንሎድ አደረግኩ፣ ባዶ አንጀት ምን ያመጣል ብዬ እህል ውሃ ሳልቀምስ ወጣሁ፣ በሩ ጋ ረዳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጾሜን መሄዴ ነው ጉድ የሠራኝ። መንገድ ላይ ባንኮ ጎቲቲ የምትባል ቦታ ስንደርስ ቁርጠቱ ያዘኝ፣ “ወራጅ አለ!” ብዬ ጮህኩ፣ ረዳቱ ገብቶት “ፈጠን በይ እህቴ፣ እንጠብቅሻለን” አለኝ። ቀን ነው፣ ግን ጉሙ ሁሉን ውጦታል፣ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ የእግሬ ኮቴ እንኳ የሌላ ሰው መሰለኝ፣ ደግሞ አላስፈራኝም፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እንደሚሰማኝ ነበር።

መንገድ ዳር ያገኘሁት ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት ውሃ በጆግ ይዘው ቆመዋል። “እማማ፣ በሞቴ፣ መጸዳጃ ቤት!” ስላቸው ትክ ብለው አዩኝ።

“አሁን አስገባሁሽ አይደል እንዴ ልጄ? ውሃውን ያመጣሁት ላንቺ ነው፣ በየት ወጣሽ?” አሉና ቀይ ሹራቤን ነካ አደረጉት፣ “ይሄንኑ ለብሰሽ!”

ከቤቱ ጀርባ በሩ ቆርቆሮ የሆነ መጸዳጃ አለ፣ ሄጄ አንኳኳሁ።

“ሰው አለ” አለችኝ አንዲት ሴት ከውስጥ።

ድምፁ የኔ ነው፣ በቴሌግራም የላካችሁትን የራሳችሁን ድምፅ መልሳችሁ ስትሰሙት የሚያሳፍረው ነገር አለ አይደል፣ ልክ እሱ። ቀጥሎ ሲስተር ሰላም “ቀስ ብለሽ ተንፍሺ” ስትል ከውስጥ ተሰማኝ፣ የኔ ስልክ ግን ተዘግቶ እጄ ላይ ነው፣ የጌታ ያለህ! ያቺ ሴት እያለቀሰች ትተነፍሳለች፣ ምን ላድርግ፣ በሩን ተደግፌ አብሬያት ተነፈስኩ፣ ስታስገባ አስገባለሁ፣ ስታስወጣ አስወጣለሁ፣ ቁርጠቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ።

“እሷስ?” አሉኝ እማማ። ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።

ገደብ ደርሼ እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም፣ ደሙ ሳይቀር ነገርኳት፣ “ይሄን ነው ከኔ የደበቅሽው፣ አንቺ ሞኝ?” ብላ እቅፍ አደረገችኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ዛሬ ሳልሰለች እመላለሳለሁ፣ ሕመሙ አለ፣ ያ ፍርሃት ግን የት እንደገባ አላውቅም።

ለሲስተር ሰላም ስነግራት የምትስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀችም፣ “ታዲያ ጥለሻት ሄድሽ?” አለችኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አውቶቡሱ ባንኮ ጎቲቲ ሲደርስ ወደዚያ ወደ እንሰቱ አልዞርም። በሩን እኔ አልቆለፍኩባትም፣ እመኑኝ፣ ግን “ነይ ውጪ”ም አላልኳትም።