አብረው የላሱት ማር

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እግራችሁን አሳርፉና ስሙኝ።

አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳሱን የሚያቀልጥ አንድ ባለሙያ ነበር። ምድጃውን ለቅጥር ሠራተኛ ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው። ሆዱን ሲቆርጠው ከርሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ አንድ ቀን ወርክሾፑ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ ደሙን መረመረና «እርሳስ ነው፤ በአፉ የገባ» አለ።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ጠና ያለች ሴት ናት፤ አፏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን የወደቀ መርፌ አያልፈውም። ሚስቱን፣ ታናሽ ወንድሙንና ቅጥሩን እርሳስ አቅላጭ ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ላይ አገኘቻቸው።

«እሷን ይሰሯትና እንገላገል፣ እትዬ» አለ ወንድምየው። «ጠዋት ጠዋት ለብቻው ሻይ የምታጠጣው እሷ ናት።»

«አፍህን ሰብስብ» አለች ሚስቲቱ። «በቁሙም ከእሱ ልትነጥለኝ ስትለፋ ነበር።»

«ምሳውንስ?» አለች መርማሪዋ።

«ከእኔ ጋር» አለ ወንድምየው፤ «ዳቦና ማር፣ ከአንድ ጠርሙስ። ማሩ ቢመረዝ እኔስ በእግሬ እቆም ነበር?»

አቅላጩ ሳቀ። «ይሄ ሰው እኔን እንኳ አቅምሶኝ አያውቅም። ምድጃ ሳይደርስ ሽያጭ ክፍል ተጎልቶ ይውላል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ጥቀርሻ» አለው ወንድምየው።

መርማሪዋ የወንድምየውን መሳቢያ ሳበች። ከማሩ ጠርሙስ አጠገብ ዘይት የቋጠሩ ቢጫ እንክብሎች አሉ።

«ቫይታሚን ኢ ነው፤ ለቆዳዬ» አለ ቶሎ ብሎ።

መርማሪዋ እንክብሎቹን አንሥታ ያዘች። የሦስቱንም ደም አስመረመረች፤ መድኃኒት ቤቱም ሄደች። ውጤቱ ሲመጣ ምድጃው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የሚስቲቱ ደም ንጹሕ ነው። አቅላጩ እርሳስ አለበት፤ ሥራው ነው። የአንተ ግን ከእሱም ይበልጣል። ምድጃ የማትደርሰው ሰው ከየት አመጣኸው? አብራችሁ ከላሳችሁት፣ እርሳስ ከገባበት ማር።»

«ታዲያ እኔም ተመርዣለኋ! ማሩን ያመጣችው እሷ ናት።»

«ጠርሙሱ ያደረው አንተ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደግሞም ወንድምህ መታመም ከመጀመሩ ከሳምንት በፊት መድኃኒት ሻጩን ‹ደምን ከእርሳስ የሚጠብቀውን ቫይታሚን ስጠኝ› ብለኸዋል። ጦሩ ሳይወረወር ጋሻ ያነሣ፣ ወርዋሪው ራሱ ነው።»

ወንድምየው ወደ ሚስቲቱ ጠቆመ። «ወርክሾፑን ለእሷ ሊያወርስ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ቀና ብሎም «ግን እኔ ተርፌያለሁ፤ አይደል?» አለ።

«ቫይታሚኑ ደምህን ከጉዳቱ ትንሽ ከልሎልህ ይሆናል። እርሳሱን ግን አያወጣውም። እዚያው ውስጥህ ነው።»

እጁ ሳያውቀው ሆዱን ያዘ።

«አሳክሙት» አለች ሚስቲቱ። «ፍርድ ቤት በእግሩ ይድረስልኝ።»

እናንተም ልጆቼ፣ ጋሻ አለኝ ተብሎ መርዝ አይላስም፤ ይህቺን ብቻ አደራ፣ አስታውሱልኝ።