ካዝና ውስጥ የተቆለፈው ቀመር

«ዕቃው?»

«አለ።»

መናኸሪያው በቀትር ሰው ተጨናንቋል። አለቃዋ፣ በሽፋን ስሙ «አጎት»፣ ጀርባውን ሰጥቷት ጋዜጣ ያነባል። እሷ ደግሞ «መርፌ» ናት።

ሰባት ወር ሙሉ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ብልቃጥ አጣቢ መስላ ሠርታለች። የላካት የአካባቢ ጥበቃ የምርመራ ክፍል ነው። የፋብሪካው ኬሚስት ቆዳን ክሮም በተባለው ኬሚካል ፋንታ በዛፍ ልጣጭ የሚያለፋ ቀመር አግኝተዋል። ፍሳሹ ወንዝ አይመርዝም። ባለቤቶቹ ግን ክሮም አስመጪም ናቸው። ቀመሩን ካዝና ውስጥ ቆለፉበት።

ትናንት ሽማግሌው ኬሚስት ራሳቸው ቅጂውን በፍላሽ አስጨበጧት።

«ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው፣ ልጄ። እዚህ እንዳይቀር።»

«አጎት» ገጽ ገለጠ።

«ሌላ ቅጂ አለ?»

«የለም።»

«ማነው የሰጠሽ? ሽማግሌው?»

ምንጭ አይጠየቅም። ደንቡን ያስተማራት ራሱ ነበር።

ቀና ስትል ከትኬት መስኮቱ አጠገብ አንድ ሰው አየች።

የፋብሪካው የጥበቃ ኃላፊ።

ተሸጣለች።

ትክክለኛው ፍላሽ ካልሲዋ ውስጥ ነው። ለክፉ ቀን የያዘችውን ባዶ ፍላሽ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው።

«ጎበዝ። ቤትሽ ግቢ፣ እደውላለሁ።»

ቤቷ አልሄደችም። መንቀሳቀስ የጀመረ አውቶቡስ ላይ ዘላ ወጣች። የጥበቃ ኃላፊው ሮጦ ደርሶ በሩን በመዳፉ ደበደበ።

«ሞልቷል ወንድሜ፣ ቀጣዩን ጠብቅ» አለው ሹፌሩ፤ ነዳው።

ኬሚስቱ ጋ ደወለች።

«አባባ፣ አሁኑኑ ይውጡ።»

«ሊይዙኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል እኮ። ልብሴን እየለበስኩ ነው።»

«ልመለስ?»

«ተመልሰሽ ምን ልታደርጊ? አድርሺው።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ሁለት ጊዜ ለመውረድ ተነሳች። ሁለት ጊዜ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከተማው ቴክኒክ ኮሌጅ የቆዳ ምርምር ክፍል ደረሰች። ኃላፊዋ ሁለት ገጽ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«ለማን ልስጠው?»

«ለሁሉም። ዛሬውኑ።»

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ቀመሩ በአካባቢው ባሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ሁሉ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ሊቆልፍበት የሚችል አልነበረም።

በአምስተኛው ወር ሦስት ፋብሪካዎች ክሮም መጠቀም አቆሙ። «አጎት» ከፋብሪካው ጉቦ በመቀበል ታሰረ። ኬሚስቱም የፋብሪካውን ምስጢር አሳልፈው ሰጥተዋል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ የምርመራ ክፍሉ ከለከላት። የጠያቂ ስም ይመዘገባል።

በሌላ ከተማ፣ ቀለም ፋብሪካ በር ላይ፣ ዘበኛው መዝገቡን ዘረጋ።

«አዲሷ ጽዳት? ስም?»

ጠዋት ያጠናችውን ስም ነገረችውና ገባች።