ፋይትን ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ

የምሠራው እዚህ በረዷማ ተራሮች ባሉበት በቲሮል አገር ውስጥ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሰዎችን ወደ ተራራው ጫፍ በሚያወጣው ወንበር መነሻ ላይ ነው። ሥራዬ ቀላል ነው። ሰው በደንብ መቀመጡን አያለሁ፤ ካልተቀመጠ ማሽኑን አቆማለሁ። ሌላም ግዴታ አለብኝ፤ በረዶ ላይ መንሸራተት የማይችል ሰው ወደ ጫፉ እንዳይወጣ መከልከል። ይህን ሁለተኛውን ማንም ሲፈጽመው አይቼ አላውቅም። እኔም አልፈጸምኩትም።

በመንደራችን ልጅ ገና በሦስት ዓመቱ በረዶ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ትልቅ ሰው መንሸራተት ሲማር ይሳቅበታል። በጋብቻ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወንድ ደግሞ «ጥምቀት» የምንለው ነገር ይጠብቀዋል። የሚስቱ ወንድሞች ጫፍ ላይ አውጥተው ጥለውት ይወርዳሉ። እየወደቀ እየተነሳ ሲደርስ፣ ታች ሆነው አረቄ ይዘው ይቀበሉታል።

ፋይት ከሜዳው አገር የመጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ያኔ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ቪልማ በስኖውቦርድ፣ በበረዶ መንሸራተቻው ሰሌዳ፣ የሚያህላት አልነበረም። አንድ ጊዜ እንኳ አብሯት ለመውረድ ብሎ ትምህርት ጀመረ። ከእኔ ፊት ለፊት ባለው የሕፃናት መለማመጃ ላይ፣ ከአምስት ዓመት ልጆች መካከል፣ ሁለት ቀን ሲወድቅና ሲነሳ አየሁት። የምታስተምረው ሮስቪታ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት።

«ተረከዝህ ላይ ተደገፍ። አሁን ቁም። አየህ፣ ቆምክ» ስትለው ፊቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። መቆም ቻለ፤ መታጠፍ ግን ገና ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሚስቱ ወንድም ካሲያን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ።

«አማቻችን፣ ጡጦህን ጨረስክ?» አለው ከአጥሩ ማዶ።

«ሁለት ቀን ይቀረኛል» አለ ፋይት።

«ተው እንጂ። እኛን ማን አስተማረን?»

«እኔ ነኛ» አለች ሮስቪታ። «አንተማ ካሲያን፣ ሱሪህን እያረጠብክ ታለቅስ ነበር። ይህ ሰው መታጠፍ አያውቅም። ተወው።»

ጓደኞቹ በካሲያን ሳቁበት። ከዚያ በኋላ ነገሩን መተው አልቻለም።

«እሺ፣ እኛም ለቪልማ አባትሽ ፈራ እንላታለን» አለ።

ፋይት ሮስቪታን አየት አደረጋትና ሰሌዳውን አነሳ።

ወደ እኔ ሲመጣ አንድ እግሩ ሰሌዳው ላይ ታስሮ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንድከለክለው የፈለገ መሰለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ምን ታፈጣለህ? እንደ ሙሽራ ደግፈህ አስቀምጠው እንጂ» አለኝ ካሲያን።

ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። ማሽኑን አዘገየሁና ፋይትን ብብቱን ይዤ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ካሲያን ነው። እንደ ልማዳቸው ጫፉ ላይ ትተውት ወረዱ። ፋይት ጥቂት ወረደና ሲደክመው ከአንድ ጉብታ ሥር፣ መሀል መንገድ ላይ ተቀመጠ። ጀማሪ እንዲህ ያደርጋል። ከላይ የሚመጣ ሰው ከጉብታው ሥር ያለውን እንደማያይ፣ ማረፍም ዳር ይዞ እንደሆነ ገና አልተማረም። ካሲያን ታች ሆኖ መጠበቅ ሰለቸውና እንደገና ወጣ። አማቹን ሊፈልግ እየተጣደፈ ሲወርድ፣ ጉብታውን እንደ ወትሮው ዘለለው። ያረፈው ፋይት ጀርባ ላይ ነው።

ፋይት አልሞተም። ከወገቡ በታች ግን ምንም አይሰማውም። ቪልማ ሰሌዳዋን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች።

በረዶው ሲቀልጥ ካሲያን ወደ እኔ መጣ።

«መታጠፍ እንደማይችል እያየህ ለምን አልከለከልከኝም?» አለኝ።

«ትስቁብኛላችሁ ብዬ» አልኩት።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም እኮ ስለተሳቀብኝ ነው» አለና ጥሎኝ ሄደ።

ሁለት ጤነኛ ወንዶች እንዳይሳቅብን ስንል፣ ሦስተኛው እግሮቹን አጣ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ትልቅ ሰው ከሕፃናት ጋር ሆኖ አንድ ነገር ሲማር ብታዩ አትሳቁበት፤ እስኪጨርስ ተዉት። ሥራችሁ «አይቻልም» ማለት ከሆነ ደግሞ በሉት። ዓይናፋር ነኝ ማለት ሰበብ አይሆንም። እኔ ብዬው አልጠቀመኝም።

ልማዱ ግን በዚህኛውም የበረዶ ወቅት አልቀረም፤ ጭራሽ ለሴትም ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ወንዶች የወንድማቸውን ሚስት ይዘው መጡ። ሰሌዳው ላይ መቆም አልቻለችም። ማሽኑን አቆምኩት።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለኝ አንደኛው።

«እሷ አትወጣም» አልኩ።

የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ወንዶቹ ለአለቃዬ እንደሚከሱኝ ነገሩኝ። ከሁሉም የባሰ የተቆጣችው ግን ራሷ ናት። «አንተን ብሎ ተቆርቋሪ! ማን ጠባቂዬ አደረገህ?» ብላ ሰሌዳውን ከእግሯ ፈታ ጣለችው። ከዚያ ሳትሰናበተኝ በሁለት እግሯ እየተራመደች ወደ መንደሩ ወረደች።