አትድከሚ

ፋርማሲስቷ የሕፃኑን አገጭ በጣቷ ቀና አድርጋ አየች። አፉ ዙሪያ ቀልቶ ሽፍ ብሏል፤ ከታች በኩል ጭራሽ ተልጧል።

«የሚጠባ ጎማ ትሰጡታላችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ፣» አለች እናት።

አጠገቧ የቆመችው ትልቋ ልጇ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ያለውን ጎማ ጨበጠች።

ፋርማሲስቷ ለሃጭ ቆዳው ላይ ሲያድር እንደሚያቆስል፣ በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያሉ ማድረቅ እንጂ መፈተግ እንደማይገባ አስረዳች። ቫዝሊን ሰጠች፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው አለች። እናት ግን ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ውላ ግማሹም አልገባት። መንገድ ላይ የራሷን ፍርድ ሰጠች፦ ምች ነው። ምች ደግሞ ባለቤት አለው፤ ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን የምትጠብቀው አክስት፣ ፀሐይ ይሙቅ ብላ ደጅ ይዛው የምትቀመጠው። ወሬ ስለማታቋርጥ «ሬዲዮ» ይሏታል።

ቤት እንደገቡ እናት ደወለችላት። አታውጪው ብዬሽ ነበር አለች፤ አዎ፣ ምች ነው አለች። በመጨረሻም፣

«በቃ እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ አትድከሚ።»

አትድከሚ ማለት አትምጪ ማለት ነው። ሬዲዮ ያለወትሮዋ ድምፅ አልነበራትም።

እናት አንድ ጫማዋን ብቻ አውልቃ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ የማትስ ደብተሯን ገለጠች። ፈተናው ሰኞ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሕፃኑ የእሷ ነው፤ ያለ ጎማው አንድ መስመር አያስነብባትም። እናት የከለከለችውን ከሱቅ ደብቃ የገዛችው ለዚህ ነው። ከሥሩ ለሃጩ ሲጠራቀም አይታለች። ሲቀላም አይታለች። አይታ ገጽ ገልጣለች።

ሕፃኑ መነጫነጭ ጀመረ። እጇ ወደ ኪሷ ገባ። ጎማውን አወጣችና የእናቷ ስልክ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እማ።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለች እናት ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምች አይደለም።»

እናት አንድ ዓይኗን ከፍታ ጎማውን ረጅም ጊዜ አየችው። ለመቆጣት አቅም አልነበራትም። «ፈተናሽስ?» አለች ብቻ።

ልጅቷ የሕፃኑን አገጭ በጨርቅ ጫን ጫን አድርጋ አደረቀች። እሱ ጎማውን አይቶ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ወገቧ ላይ አቀፈችው፣ ደብተሩን በክርኗ ገፋ አደረገችና የእናቷን ስልክ አንስታ ለሬዲዮ ደወለች።